ለእኅታችን ልጅ የገዛነው የቱቦ አክስል

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ አውቶሞቢል የፊት አክስል መጻፋችንን ያየ አንባቢ፣ ጸሐፊው መንገድ ስቶ ከመካኒኮች ገጽ ወደዚህ ገባ ብሎ ሳይገረም አይቀርም። ነገር ግን ነገሩ የብረት ቢሆንም የተደረገው በቤተ ሰብ መካከል ነው፤ ጥፋቱም ከብረቱ ይልቅ የእኛ ስለ ነበረ በዚሁ ገጽ መጻፉን መርጠናል። አክስል የምንለው የአውቶሞቢልን ሁለት የፊት ጎማዎች ከግራ ወደ ቀኝ የሚያገናኘውን አግዳሚ ብረት ነው። ይህን ያህል የያዘ አንባቢ የቀረውን እያደር ይረዳዋል።

እኛ በሥራችን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነን። በ2015 ዓ.ም.፣ ፍርድ ቤቶች ለክረምት በሚዘጉበት በነሐሴ ወር፣ በካሊፎርኒያ ግዛት ከሎስ አንጀለስ ከተማ ወደ ምሥራቅ ባለ ሰፈር የምትኖረውን ታላቅ እኅታችንን ልንጠይቅ ሄድን። ባለቤቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአሰብ መንገድ ሳይዘጋ በፊት ከወደቡ እስከ አዲስ አበባ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነበረ። ሲሞት ለአንድ ልጁ ያቆየለት ርስት አንድ የመፍቻ ሣጥን ነው። ልጁም ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖት፣ ቀን ቀን በአንድ የዕቃ ማከማቻ ቤት እየሠራ፣ ማታ ማታና በዕረፍቱ ቀን በዚያ ሣጥን ከአሮጌ ብረት ጋር ሲታገል አገኘነው። በደረስን ማግስት እኅታችን የመኪናውን ቤት በር ከፍታ፣ «እንግዲህ የልጄን ደመወዝ የሚበላው አውሬ ይኸው ነው፤ አባት የለውምና አንተ ምከርልኝ» አለችን።

አውሬው ሞዴል ኤ የሚባለው፣ በ1930 የተሠራ ፎርድ ነው። (የአሜሪካን ነገር የሚመለከተውን ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈነዋል።) ክዳን የለውም፤ የጭቃ መከላከያዎቹ ተነቅለዋል፤ ኮፈኑ ተነሥቶ ሞተሩ ራቁቱን ይታያል። ፊቱ ወደ መሬት ዝቅ፣ ኋላው ከፍ ብሎ፣ አይጥ እንዳየች ድመት አድብቷል። እንዲህ ያለውን አውቶሞቢል በዚያ አገር ሆት ሮድ ይሉታል። እኛ ያላለቀ መስሎን «ልብሱን መቼ ታለብሰዋለህ?» ብለን ብንጠይቀው፣ ልጁ ሳቁን በእጁ ሸፍኖ «ጋሼ፣ ልብሱን ያወለቅሁት እኔ ነኝ» አለን።

የዚህን ነገር ታሪክ ከልጁ አፍ ሰምተን፣ በኋላም አንብበን እንደ ተረዳነው፣ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለውን አውቶሞቢል ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሠርቶ ስለ ሸጠ፣ አሮጌው መኪና በአሜሪካ እንደ አሮጌ ጫማ ረከሰ። በደቡብ ካሊፎርኒያ ያሉ ወጣቶችም በትንሽ ገንዘብ እየገዙ፣ ክብደቱን ለማቅለል የማያስፈልገውን ሁሉ ነቅለው፣ ሙሮክ ወደሚባለውና ወደ ሌሎች ደረቅ የሐይቅ ሜዳዎች እየወሰዱ ፍጥነታቸውን ይለኩ ጀመር። በ1932 ፎርድ ስምንት ሲሊንደር ያለው፣ 65 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ለተራ ሰው በሚቻል ዋጋ ባወጣ ጊዜ ፍቅራቸው ጨመረ፤ በ1937 ማኅበሮቻቸው ተባብረው የሰዓት ለኪዎችን ማኅበር አቋቋሙ። ከጦርነቱ የተመለሱ ወታደሮች ሲጨመሩበት ሥራው ገነነና፣ በጥር 1948 ሆት ሮድ የሚል መጽሔት ታተመለት። ዛሬም ያን ዘመን መስሎ የሚሠራውን ሆት ሮድ የቀድሞው ወግ ይሉታል። ስለዚህ ወግ የሚያደርጉት ክርክር፣ በልጅነታችን በንባብ ቤት አንዲቱ ቃል ተነሽ ናት ወይስ ወዳቂ ናት እየተባለ ይደረግ ከነበረው ክርክር አያንስም። ይህ ቡሎን በ1940 ነበረ ወይስ አልነበረም ተብሎ ሁለት ሽማግሌዎች ሲኳረፉ በዓይናችን አይተናል።

አሁን ወደ ፊተኛው ብረት እንመለስ። ፎርድ እስከ 1948 ድረስ በሠራቸው ቀላል አውቶሞቢሎች የፊት ጎማዎችን የሚያገናኘው አንድ ወጥ አክስል ነበረ። ከጥቂቶቹ በቀር ይህ አክስል በመካከሉ ቢቆረጥ ቁራጩ የባቡር ሐዲድ ይመስላል፤ ከላይና ከታች ከንፈር አለው፤ ወገቡ ቀጭን ነው። በላዩ ላይ አንድ ባሌስትራ እንደ ደጋን ከግራ ወደ ቀኝ ተጋድሞ የመኪናውን ክብደት ይሸከማል። አክስሉ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ደግሞ፣ ከሁለቱ ጫፎቹ የተነሡ ሁለት ክንዶች ወደ ኋላ እየተቀራረቡ ሄደው በመኪናው ሆድ ሥር በአንድ ሉል ላይ ይገናኛሉ። ይህ ብረት የጎጆ ባላ ስለሚመስል በዚህ ጽሕፈት ባላ ብለነዋል። ባላው በአንዲት ሉል ብቻ ስለ ተያዘ፣ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲወጣ አክስሉና ባላው እንደ አንድ አካል ሆነው ያዘነብላሉ፤ አንዱም በሌላው ላይ ግፍ አይሠራም።

ሆት ሮድ ሠሪዎች ግን ሌላ ሞተርና ሌላ ካምቢዮ ሲያስገቡ የዚያች ሉል ስፍራ ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ ባላውን ከመገናኛው ቆርጠው ለሁለት ይከፍሉትና፣ የግራውን ክንድ በግራው ሻንሲ፣ የቀኙን ክንድ በቀኙ ሻንሲ ላይ ያስሩታል። የእኅታችን ልጅም እንዲሁ አድርጎ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ መዘዙ ሁሉ የተነሣው ባላው ለሁለት ከተከፈለ በኋላ ነውና።

እኅታችን ምከርልኝ ያለችንን በምን እንደምንጀምረው ስናስብ ቀናት አለፉ። እንዲህ ሳለን ልጁ አንድ እሑድ ገና ሳይነጋ ቀስቅሶ፣ የአሮጌ አውቶሞቢል ዕቃ ወደሚሸጥበት ገበያ ወሰደን። ሜዳው ሁሉ ብረት ነው። ሰዎች በእጃቸው መብራት ይዘው፣ ቡናቸውን እየጠጡ፣ ዝገት ሲያገላብጡ ስናይ የመርካቶው ምናለሽ ተራ ትዝ አለን። ልጁ የፋና ዕቃ ሊፈልግ ወደ ሌላው ረድፍ ሲሄድ እኛ ብቻችንን ስንዞር፣ በአንድ ነጋዴ ምንጣፍ ላይ አንድ አክስል ተጋድሞ አየን። እንደ ቱቦ ክብ ነው፤ ወገቡ ቀጥ ብሎ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ላይ ተቀልብሰዋል፤ እንደ ብር ተወልውሎ የንጋቱን ጮራ ይመልሳል። የልጁ አክስል ግን ጥቁር ቀለም የተቀባ አሮጌ ሐዲድ መሳይ ነበረ። ያ ሁሉ ድካም በፈሰሰበት መኪና ፊት እንደዚያ ያለ ጥቁር ብረት መታየቱ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ደስ አላሰኘንም ነበር።

ነጋዴውን «ለ1930 ፎርድ ይሆናልን?» ብለን ጠየቅነው፤ «በሚገባ ይሆናል» አለን። ሌላ አልጠየቅንም። እርሱም ባላው የተከፈለ ነው ወይስ ያልተከፈለ ብሎ አልጠየቀንም። ሁለት መቶ ሃምሳ ዶላር ያለውን በሁለት መቶ ሃያ አስማምተን ከፈልንና በትከሻችን ተሸከምነው። እዚህ ላይ እውነቱን መደበቅ አይገባንም። የገዛነው ለልጁ ደስታ ብቻ ብለን አልነበረም፤ አባት የለውምና የአባት ስጦታ ከእኛ ካገኘ በኋላ፣ ይህን ነገር ተውና ትዳር ያዝ የሚለውን ምክራችንን በቀላሉ ይቀበለናል ብለን አስበን ነበር።

ልጁ ተመልሶ በትከሻችን ላይ ያለውን ባየ ጊዜ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀብሎን፣ «ጋሼ፣ ምነው ይህን ያህል ተቸገሩ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለና ጉልበታችንን ሊስም ጎንበስ አለ። እኛም ዝምታውን ከደስታ ብዛት የመጣ አድርገን ተረጐምነው።

አክስሉን ለመለወጥ ሁለት ሌሊት ፈጀ። እኛም ዳዶ በማቀበልና ፋና በመያዝ ረዳን። በሁለተኛው ሌሊት ከጎረቤት አንድ ሽማግሌ መጡ። በወጣትነታቸው በያጅ የነበሩ፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ በጀርባቸው ተኝተው ከመኪናው ሥር ገቡና ለረጅም ጊዜ ቆዩ። ሲወጡ ለልጁ አንድ ነገር ነገሩት። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነው እንግሊዝኛ የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ የብረት ሠራተኛ አፍ በፍጥነት ሲናገረው አንድም ቃል አልያዝንም። «ምን አሉ?» ብንለው፣ ልጁ ወደ መሬት እያየ «ብልጭታው አምሮበታል አሉ» አለን። ሽማግሌው ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። ሃያ ዓመት ሙሉ በችሎት አስተርጓሚ ሲምል አጠገቡ የምንቀመጥ ሰዎች ሆነን ሳለን፣ የሽማግሌው ራስና የልጁ አፍ የተለያየ ነገር መናገራቸውን አላስተዋልንም።

መኪናው ወጣ። በሰፈሩ ውስጥ ስንዞርበት ሰው ሁሉ እያየ እጁን ያነሣልን ነበር፤ እኛም ሰው ሁሉ አክስላችንን የሚያይ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ከጎዳናው ወደ ግቢው በሰያፍ በምንገባበት ጊዜ፣ አንደኛው ጎማ የድንጋዩን ጠርዝ ቀድሞ ሲወጣ፣ ከበታቻችን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ለልጁ ብንነግረው «አዲስ ብረት ነው፤ ይለማመዳል» አለን። በማግስቱም ያው ድምፅ ነበረ፤ በሦስተኛው ቀንም እንደዚሁ።

በቅዳሜ ቀን እኛና ልጁ በዚያው መኪና፣ ከ2002 ወዲህ ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ ወደ ተሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ሄደን፣ በርበሬና ሽሮ ገዝተን፣ ቡና ጠጥተን ተመለስን። እዚያ አንድ ምሳ ቤት በር ላይ የቆሙ የአገራችን ሰዎች መኪናውን ከበው፣ ይህ ነገር ከማን ተወረሰ እያሉ ልጁን ሲጠይቁት፣ «ጋሼ ናቸው የፊቱን ያለበሱት» ብሎ ወደ እኛ አመለከተ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ቤት ስንደርስም ይህን ሁሉ ለእኅታችን እያጋነንን ነገርናት። እርሷ ከልጇ መኪና ላይ አንድ ቀን ስንኳ ተቀምጣ አታውቅም ነበር፤ ያን ማታ ግን ልቧ ራራና «እንግዲያውስ ነገ ቤተ ክርስቲያን በእርሱ አድርሰኝ» አለችው። ልጁ «እሺ እማዬ» አለ፤ ራቱን ግን ሳይጨርስ ተነሣ።

ሌሊት ውኃ ልንጠጣ ስንነሣ የመኪናው ቤት መብራት ሲበራ አየን። ገብተን ብንመለከት ልጁ ከመኪናው ሥር ተኝቷል። ስንጠራው ወጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ይህን ሳላሳይዎ ብቀር እናቴን እገድላታለሁ» አለንና ፋናውን ሰጠን። እኛም በልብሳችን ላይ ሳንሳሳ ከሥሩ ገባን። የግራው የባላ ክንድ ከሻንሲው ጋር በሚገናኝበት መያዣ ላይ፣ በብየዳው ዳር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ሄዷል። ቀለሙ በስንጥቁ ዳርና ዳር ተላልጧል። ያ መያዣ በጉዞ ላይ ቢለቅ የግራው ጎማ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መኪናውም በዚያ በኩል ተጠምዞ መሪው ከነጂው እጅ ይወጣል። በዚያ ቀን በፌርፋክስ መንገድ ላይ በግራና በቀኝ ከሚያልፉት መኪኖች ጋር ስንት ጊዜ ትከሻ ለትከሻ እንደ ሄድን ትዝ አለን፤ ጉልበታችንም ከዳን።

«ይህ ከምን የተነሣ ነው?» ብለን ጠየቅነው። ልጁ መልስ ከመስጠት ይልቅ ከማስታወሻ ደብተራችን ሁለት ቅጠል እንድንሰጠው ለመነን። ሁለቱንም እንደ ጥዋፍ ጠቀለላቸው፤ የአንደኛውን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች በማጣበቂያ ዘጋው፤ የሌላውን ጠርዝ ሳያጣብቅ ተወው። «እነዚህን እንደ እርጥብ ልብስ ጠምዝዟቸው» አለን። ጠርዙ ክፍት የሆነው ያለ አንዳች ክርክር ተጠመዘዘልን፤ የተጣበቀው ግን እንደ በትር ጸና፤ ኃይል ብንጨምርበት እስኪቀደድ ድረስ እንቢ አለ። ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው፤ ክብደቱም ያው ነው።

ልጁም እንዲህ ሲል አስረዳን። ባላው ለሁለት ከተከፈለ በኋላ እያንዳንዱ ክንድ በራሱ መያዣ ላይ እንደ ማጭድ እጀታ ይዞራል። ግራው ጎማ ከፍ ሲል የግራው ክንድ ከአክስሉ ጫፍ ጋር አንድ ሆኖ ስለ ታሰረ፣ ያንን ጫፍ ይዞት ያዘነብላል፤ ቀኙ ግን ባለበት ይቆያል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው አክስል የግድ መጠምዘዝ አለበት። ሐዲድ መሳዩ ብረት እንደዚያ ጠርዙ ክፍት እንደ ሆነው ወረቀት በጥቂቱ ይጠመዘዛል፤ ይመለሳልም፤ በዚያ ምክንያት የተከፈለ ባላ በእርሱ ላይ ብዙ ዘመን ሲሠራ ኖሯል። ቱቦው ግን ዙሪያው የተዘጋ ስለ ሆነ፣ ክብደታቸው ተቀራራቢ ሲሆን እንኳ መጠምዘዝን የሚቃወምበት ኃይል ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እርሱ እንቢ ሲል ኃይሉ ወደ ባላው፣ ከባላው ወደ መያዣው፣ ከመያዣው ወደ ብየዳው ይሄዳል። ያ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ይኸው ነበረ። ጎረቤታችን ሽማግሌም ከመኪናው ሥር ወጥተው ያሉት፣ «ቱቦው ደህና ነው፤ ከተከፈለ ባላ ጋር ግን ይጣላል፤ አንዱን ምረጥ» ነው።

ይህን ሲሰማ ሰው ቱቦው የተጠላ ብረት ይመስለው ይሆናል። ልጁ ግን በዚያ ሌሊት እንኳ ስለ ቱቦው ክብር ተከራከረልን። የቀድሞውን ወግ አጥባቂዎች አንዳንዶቹ ቱቦን የኋላ ዘመን ፈጠራ ነው ብለው ይንቁታል፤ ሆኖም ፎርድ ራሱ በ1937 ባወጣው፣ 60 የፈረስ ጉልበት ባለው ትንሹ ስምንት ሲሊንደር መኪና ፊት የቱቦ አክስል አድርጎ ነበር። ከጥቂቶቹ በቀር ብለን ከላይ ያለፍነው ይህንኑ ነው። ቀላል ስለ ሆነም ትንንሾቹን የእሽቅድምድም መኪናዎች የሚሠሩ ሰዎች ከወዳደቀው መካከል እየፈለጉ ይወስዱት ነበር። የፎርድ ባላ ግን ሳይከፈል በአንዲት ሉል ላይ የሚዞር ስለ ነበረ አክስሉን የሚጠመዝዘው ነገር አልነበረም። ሌላም መንገድ አለ፤ በባላ ፈንታ በያንዳንዱ ጎን ከላይና ከታች ትይዩ የሆኑ ሁለት ዘንጎች፣ በሁለቱ ጎን አራት ዘንጎች ይደረጋሉ። በዚያን ጊዜ ጎማው ሲነሣ የአክስሉ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይነሣል እንጂ አያዘነብልም፤ ስለዚህ ቱቦውም በሰላም ይኖራል። በ1974 ፒት ቻፑሪስና ጂም ጄኮብስ የተባሉ ሰዎች በካሊፎርኒያ ያቋቋሙት የዕቃ ቤት ይህን የአራት ዘንግ አሠራር በብዙ ሰው ዘንድ አስለምዶታል። የቀድሞውን ወግ የሚወዱት ግን አራት ዘንግ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። የእኅታችን ልጅም ባላውን የሚወድ ከእነዚህ ወገን ነው።

«ይህን ሁሉ ካወቅህ በገበያው ውስጥ ስለ ምን አልነገርኸንም?» አልነው። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ከአገር ቤት ድረስ መጥተው፣ በትከሻዎ ተሸክመው ያመጡልኝን እንዴት አይሆንም እላለሁ? አባቴ ቢያመጣልኝ አይሆንም እለው ነበር፤ እርሱ ይሰድበኝና ይመልሰው ነበር። ለእርስዎ ግን አፈርሁ» አለን። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። እኛ በስጦታው የአባት ስፍራ የያዝን መስሎን ሳለ፣ ልጁ በዚያው በስጦታው ምክንያት ከአባት ይልቅ እንደ እንግዳ አድርጎ አክብሮን ኖሯል።

በጧት ነጠላዋን አጣፍታ የወጣችውን እኅታችንን ልጁ ሳይቀድመን እኛው ነገርናት። መኪናው የማይሄድ መሆኑን፣ ያጠፋነውም እኛ መሆናችንን ገለጽንላት። እርሷ ወደ እኛ ስንኳ አልተመለከተችም። ወደ ልጇ ዞራ፣ «ለእርሱ አፍረህ እኔን ልታሳፍረኝ ነበር? በሰው ፊት ጎማ ወልቆብኝ በነጠላዬ አስፋልት ላይ ልትጥለኝ?» አለችው። ቍጣዋ እውነተኛ ነበረ፤ ነገር ግን መካከል ላይ ሳቅ አሸነፋት፤ ልጁም ሳቀ፤ እኛ ብቻ ለመሳቅ ድፍረት አጣን።

ከቅዳሴ ስንመለስ ሥራው ተጀመረ። ልጁ አሁንም ወደ ቱቦው እጁን ለመዘርጋት ሲያመነታ ስላየነው፣ ከአባቱ ሣጥን መፍቻ አንሥተን የመጀመሪያውን ዳዶ በእጃችን ፈታን። በእርግጥ የፈታነው የማይፈታውን ነበርና ልጁ መልሶ አጠበቀው፤ ሁለተኛውን ግን አላሳሳትንም። እኅታችን ጉልበቷን አጥፋ ፋናውን ያዘች። በዚያ የዕቃ ቤት ውስጥ ከሩብ ሰዓት በላይ ስትቆም ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው፤ «ይህስ ምንድር ነው? ያስ?» እያለች ስትጠይቅ፣ ልጁ የባሌስትራውንም የመሪውንም ስም ያስረዳት ነበር። ባሏም በአሰብ መንገድ ባሌስትራ ሲሰበርበት እንዴት አድርጎ በገመድና በእንጨት አስሮ እንደ ገባ ነገረችን። ይህን ልጁም ሰምቶት አያውቅም ነበር።

ሽማግሌው ጎረቤት ሰኞ መጡና መያዣውን ቆርጠው ጣሉ፤ ወፍራም ብረት አምጥተው ሁለቱንም ጎን ሲበይዱ፣ ዓይናቸው ደክሟልና በየመካከሉ ለልጁ እያቀበሉ አሠሩት። ጥቁሩ አሮጌ አክስልም ወደ ስፍራው ተመለሰ። ያ አክስል በቀድሞው ዘመን በእሳት ግሎ ጫፎቹ ወደ ላይ የተሳቡ፣ ወገቡም ወደ መሬት ዝቅ የተደረገ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያየነው። በሳንዲያጎ ኤድ ስቱዋርት የሚባል ሰው በዚህ ጥበብ በ1940ዎቹ ስሙ ተጠርቶ ነበር ብለው ሽማግሌው አጫወቱን። የልጁን የሠራው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ የመዶሻው ምልክት ግን በጣት ሲዳሰስ ይገኛል። እኛ ይህን ብረት ነበር ለዓይናችን አልሞላ ብሎን የነበረው።

ስለ ቱቦው የተደረገውን ብንጽፍ ደግሞ ያስቃል። ሽማግሌው በዕቃ ቤታቸው አራት ዘንግ ያለው ያልተፈጸመ መኪና ስለ ነበራቸው በሁለት መቶ ዶላር ገዙት። ገንዘቡን ለልጁ ብንሰጠው «የእርስዎ ነው» አለ፤ እኛም «የአንተ ነው» አልን። እኅታችን በማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጨው ዕቃ ጭና አስቀመጠችው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሁለታችንም እንዳላየን እያለፍነው ቁርሳችንን በላን። በአራተኛው ቀን ልጁ ከሥራ ሲመለስ በራችንን አንኳኳና፣ ሳይቀመጥ፣ «ጋሼ፣ የማፍረውን ነገር ልንገርዎ፤ የፍሬኑ ቱቦዎች አርጅተዋል፤ በዚያ ገንዘብ እነርሱን እንግዛ፤ እርስዎ ግን ከእኔ ጋር ይሁኑ እንጂ ብቻዎን አይግዙ» አለን። አብረን ሄድን። በሱቁም ውስጥ እርሱ ጠየቀ፣ እርሱ ለካ፤ እኛ ከፈልን።

ስለ ትዳሩ የታሰበውን ምክር አልመከርነውም። እኅታችንም ሁለተኛ አላነሣችብንም። ልንመለስ አምስት ቀን ሲቀረን፣ በእሑድ ጧት፣ ነጠላዋን በነፋስ እንዳይወሰድባት በሁለት መርፌ ይዛ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች፤ እኛም በሯን ዘጋንላት። መኪናው ከግቢው ወደ ጎዳናው በሰያፍ ሲወርድ ጆሯችንን አቅንተን አደመጥን። ባሌስትራው ጥቂት ሲጥጥ አለ፤ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

የተሰነጠቀውን መያዣ ልጁ ሊጥለው ሲል ለምነን ተቀበልነው። አሁን በቢሮአችን ጠረጴዛ ላይ፣ ነፋስ ወረቀት እንዳይበትን መጫኛ ሆኖ ይኖራል። በቅርቡ አንድ ባለ ጉዳይ መዝገብ ሊያይ ቀርቦ ብረቱን አንሥቶ ካገላበጠው በኋላ፣ «ይህ የየትኛው መዝገብ ኤግዚቢት ነው?» ብሎ ጠየቀን። «የእኛ ነው» አልነውና ተቀብለን በሌላው የወረቀት ክምር ላይ አስቀመጥነው።